የሸርጣን ገበታ፦ እንግዳ «አልበላም» ሲል

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መድረክ ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



 የዚህ መድረክ አዘጋጆች ስለ ማዕድና ማኅበራዊ ግንኙነት እንድናገር ሲጠይቁኝ፣ ስለ ቡና ሥርዓታችን ወይም ስለ ሰርግ ድግሳችን አንድ ነገር ይዤ እቀርባለሁ ብለው ሳይጠብቁ አልቀሩም። እኔ ግን ዛሬ የምናገረው ስለ ሸርጣን ነው፤ ያውም ቀምሼው ስለማላውቀው ሸርጣን።

ከቃሉ ልጀምር። ከእኛ መካከል ብዙዎች፣ በተለይም በደጋ ያደግን ሰዎች፣ ሸርጣንን የምናውቀው ከውኃ ዳር ሳይሆን ከሰማይ ነው። በአውደ ነገሥት ኮከብ ሲቆጠር ሐመል፣ ሠውር፣ ጀውዛ ተብሎ አራተኛው ሸርጣን ነው፤ ከእርሱ ቀጥሎ አሰድ ይመጣል። ስሞቹ ከዐረብኛ የመጡ ናቸው። በዐረብኛ ይኸው ቃል እንስሳውንም ኮከቡንም እኛ ነቀርሳ የምንለውንም በሽታ ይሰይማል። እኔም «ኮከብህ ሸርጣን ነው» የተባለ ሰው በሰፈሬ አውቅ ነበር፤ እንስሳውን በዓይኔ ያየሁት ግን ሠላሳ አምስት ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ በቻይና አገር፣ በምግብ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ጊዜው ጥቅምት 2001 ዓ.ም. ነበር። ለዶክትሬት ትምህርት ናንጂንግ ከተማ ከገባሁ ሁለተኛ ወሬን ይዣለሁ። በቻይና የድኅረ ምረቃ ትምህርት አንድ ልማድ አለ። በአንድ መምህር ሥር የሚማሩ ሁሉ እንደ አንድ ቤት ልጆች ይቆጠራሉ። ቀድሞ የገባው «ሺ ሥዮንግ» ይባላል፤ የአንድ መምህር ልጅ የሆነ ታላቅ ወንድም ማለት ነው። ቀድማ የገባችው ደግሞ «ሺ ጂዬ»፣ ታላቅ እህት ናት። የሚቆጠረው ዕድሜ ሳይሆን የገቡበት ጊዜ ነው። ስለዚህ በዘጠኝ ዓመት የምበልጠው፣ ገና ጢሙ በቅጡ ያላቀነቀነ ወጣት ታላቅ ወንድሜ ሆነ። በየኔታ እግር ሥር አብረው ፊደል የቆጠሩ፣ አብረው ቁራሽ የለመኑ የቆሎ ተማሪዎች እስከ እርጅና ድረስ የሚተሳሰቡበትን መንገድ የሚያውቅ ሰው ይህ ሥርዓት አይገርመውም። እኔንም አልገረመኝም፤ እንዲያውም አጽናናኝ።

ከእነዚህ የመምህር ልጆች አንዷ የሱዦው ከተማ ተወላጅ ነበረች። ጥቅምት ሲገባ «የሸርጣን ወር ነው፤ አዲሱን ወንድማችንን ወደ አገሬ ልውሰደው» አለች። ስድስት ሆነን ቅዳሜ ጠዋት ባቡር ተሳፈርን፤ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ሱዦው ደረስን፤ ከዚያም በስተሰሜን ምሥራቅ ወደሚገኘው ያንግቼንግ ሐይቅ ሄድን። በሐይቁ ዳር የሸርጣን ምግብ ቤቶች ተደርድረዋል። በየበራፋቸው በገንዳ ውስጥ ሸርጣኖቹ በሕይወት እንዳሉ ይታያሉ። ሸርጣን ከሞተ በኋላ ሥጋው በፍጥነት ስለሚበላሽና ለጤና ጠንቅ ስለሚሆን በሕይወት ያልተገዛ አይበላም።

እዚህ ላይ ስለ እንስሳው ጥቂት ልበል፤ ታሪኬን ለመረዳት ያስፈልገናል። ቻይናዎቹ «ዳ ጃ ሺዬ» ይሉታል። በሁለቱ መቆንጠጫዎቹ ላይ የእጅ ሹራብ የመሰለ ጠጉር አለው። የሚወለደው የያንግሴ ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት፣ ጨውና ጨው አልባ ውኃ በሚቀላቀልበት ሥፍራ ነው። ገና ጨቅላ ሳለ ወንዙን ሽቅብ ይወጣል፤ በጨው አልባ ወንዝና ሐይቅ ያድጋል፤ ለአቅመ ወላጅነት ሲደርስ ወደ ባሕሩ አፍ ተመልሶ ይራባል፤ ከዚያም ይሞታል። ዛሬ አብዛኛው በእርሻ የሚረባ ሲሆን፣ ጫጩቶቹ በባሕር ዳርቻ ተፈልፍለው ወደ ሐይቆች ይወሰዳሉ። በመከር ወራት ለመራባት ሲዘጋጅ ሰውነቱ በስብ ይሞላል፤ የሚፈለገውም ያን ጊዜ ነው። በጨረቃ አቆጣጠራቸው በዘጠነኛው ወር እንስቷ፣ በዐሥረኛው ወር ተባዕቱ ይመረጣል። ይህም በእኛ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ይውላል፤ እናቴ ጽጌን በምትጾምበት ወር ማለት ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሸርጣኑ በገመድ ይታሰርና ስቡ እንዳይፈስ በጀርባው ተንጋልሎ በእንፋሎት ይበስላል። አረንጓዴ ያዘለው ግራጫ ቅርፊት ከምድጃው ሲወጣ ፍም መስሎ ይቀላል። ቀዩ ቀለም ድሮም በውስጡ ነበረ፤ ከፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ተሸፍኖ ስለኖረ ነው የማይታየው። ሙቀቱ ፕሮቲኑን ሲፈታው ቀለሙ ይገለጣል። በቻይና ባህላዊ ሕክምና ሸርጣን «ቀዝቃዛ» ምግብ ነው ተብሎ ስለሚታመን፣ ብርዱን እንዲሰብር በዝንጅብልና በኮምጣጤ ይጠቀሳል፤ ከሩዝ የሚጠመቅ ሞቅ ያለ ቢጫ መጠጥም አብሮ ይቀርባል።

እህታችን ከቦርሳዋ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። «ስምንቱ የሸርጣን መሣሪያዎች» የሚባሉት ነበሩ፤ ትንሽ መዶሻ፣ ትንሽ መጥረቢያ፣ መቀስ፣ ወረንጦ፣ ሹካ፣ ማንኪያ፣ መፋቂያና መፈልፈያ ጠረጴዛ። የሴት አያቷ እንደነበሩ ነገረችን። ከዚያም ከሁሉ የሚበልጠውን፣ ስቧ የሞላውን እንስት ሸርጣን አንስታ ከፊቴ አኖረች። አምስቱም እጃቸውን ሰብስበው እኔን ይመለከቱ ጀመር። እንግዳው ሳይጀምር ማንም አይጀምርም።

እኔ ደግሞ በደቡብ ወሎ፣ በሐይቅ አካባቢ፣ በኦርቶዶክስ ክርስቲያን ቤት ያደግሁ ሰው ነኝ። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 በውኃ ከሚኖሩት ውስጥ ክንፍና ቅርፊት ያላቸው ብቻ እንዲበሉ ተደንግጓል። እኛ ቤት ይህ ሕግ ተብራርቶ የተሰበከበትን ቀን አላስታውስም፤ እንደ ሰላምታ፣ እንደ አረማመድ አብሮን ያደገ ነው። ሸርጣን ክንፍም የለው፤ ቅርፊቱም የዓሣ ቅርፊት አይደለም። አልበላውም።

ይህን መናገር ነበረብኝ። ያልሁት ግን ሌላ ነው። «ሰውነቴ አይስማማውም፤ ከቀመስሁ ያሳብጠኛል» አልሁ።

ውድ ተማሪዎች፣ ይህን ውሸት የተናገርሁት በጨዋነት ስም ነው። ሕጌን ብነግራቸው ገበታቸውን «ርኩስ» ያልኋቸው ይመስላቸዋል ብዬ ፈራሁ። ሰውነትን ግን ማንም አይከራከረውም። በኋላ ሳስበው፣ አንድ እንግዳ «አልበላም» የሚልባቸው ሦስት ምክንያቶች እንዳሉ ተረዳሁ። የመጀመሪያው የሰውነት እምቢታ ነው፤ ይህን ሁሉም ያለ ጥያቄ ይቀበላል። ሁለተኛው የሕግ እምቢታ ነው፤ ይህ ማብራሪያ ይጠይቃል፤ ሲያብራሩትም ማንነትን መግለጥ ነው። ሦስተኛው የመጸየፍ እምቢታ ነው፤ ይህ ጋባዡን ያዋርዳል። እኔ ሁለተኛው ሦስተኛው እንዳይመስልብኝ ፈርቼ ከመጀመሪያው ጀርባ ተደበቅሁ።

እውነቱን ልንገራችሁ ካልሁ ደግሞ ሙሉውን ልንገራችሁ። በልቤ ሦስተኛውም ነበረበት። እግሮቹን ሳይ፣ እነዚያን እንደ ፍሬ በርበሬ የጠቆሩ ጥቃቅን ዓይኖች ሳይ፣ ሆዴ ተገላብጧል። ሕጌ የት ላይ እንዳበቃና መጸየፌ የት ላይ እንደጀመረ ለራሴም አልለየሁትም ነበር። አንትሮፖሎጂስቷ ሜሪ ዳግላስ በ1966 እ.ኤ.አ. ስለ ንጽሕናና አደጋ ባሳተመችው መጽሐፍ፣ በኦሪት የተከለከሉት እንስሳት የፍጥረትን አመዳደብ የሚያፋልሱ ናቸው የሚል ሐሳብ አቅርባ ነበር፤ በውኃ ውስጥ እየኖረ እንደ ምድር እንስሳ በእግሩ የሚሄድ ፍጡር ከምድብ የወጣ ነው ማለት ነው። ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በኋላ ራሷ ይህን ማብራሪያዋን ከልሳዋለች፤ ይህም ለተመራማሪዎች ጥሩ ምሳሌ ነው። ነገር ግን የመጀመሪያ ሐሳቧ ለእኔ አንድ ጥያቄ ጥሎልኛል፤ የምጸየፈው ሕጉ ስለከለከለኝ ነው? ወይስ ከለመድሁት ውጭ ስለሆነብኝ ነው?

ወደ ጠረጴዛው ልመለስ። ውሸቴ ምን አደረገ? እህታችን ደነገጠች። ሸርጣኑን ከፊቴ አነሣች፤ ጠረጴዛውን አስወለወለች፤ ወደ ኩሽና ገብታ ለእኔ የሚሠራው ኑድል ሸርጣን ባልነካው ድስት እንዲቀቀል ቆማ አሠራች። ሌሎቹ በሸርጣን በተነካካ እጃቸው ወደ እኔ ሰሃን ምንም ነገር ለማሳለፍ ፈሩ። ልብ በሉ፤ በቻይና ማዕድ ፍቅር የሚገለጠው ከመሐል ሰሃን መልካም መልካሙን አንሥቶ በሰው ሳህን ላይ በማኖር ነው። የእኛ ጉርሻ ወንድም ነው። ያን ዕለት ከስድስታችን አምስቱ ሲጎራረሱ እኔ ብቻዬን በላሁ። ማንም አልነፈገኝም፤ ጉርሻውን በገዛ አንደበቴ የከለከልሁት እኔው ነኝ።

ነገሩ በዚያ ቀን ቢያበቃ ቀላል ነበር። ውሸት ግን መዝገብ አለው። ታላቅ ወንድሜ ያልሁት ወጣት ከዚያ ዕለት ጀምሮ ጠባቂዬ ሆነ። በየምግብ ቤቱ ከእኔ ቀድሞ እየገባ «ሽሪምፕ አለበት? ሸርጣን ነክቶታል?» ብሎ ይጠይቃል። እኔም በየጊዜው አንገቴን ደፍቼ እሰማለሁ። እስክመረቅ ድረስ አራት ዓመት እንዲህ ኖርን።

አሁን ደግሞ ወደ አገሬ ልመልሳችሁ። በጥር 2007 ዓ.ም. ይህ ወንድሜ ለዐውደ ጥናት አዲስ አበባ መጣ። ሥራው ሲያልቅ ወላጆቼ ቤት ወሰድሁት። የጥምቀት ሰሞን ነው፤ ወንድሞቼ ቅርጫ ገብተው ጥሬ ሥጋ በትሪ ቀርቧል፤ አዋዜውና ሚጥሚጣው አጠገቡ ነው። እናቴ በእጇ ቆርጣ ዘረጋችለት። እኔ ጭንቅ ያዘኝ። እንዲህ ብለህ አስተርጉም፣ እንዲያ ብለህ አስተባብል እያልሁ ለራሴ ሰበብ ሳፈላልግ እርሱ ቀደመኝ።

«ለእናታችን ንገራት» አለኝ። «ባደግሁበት ቤት ሥጋ በጥሬው አይበላም፤ እፈራዋለሁም። ነገር ግን ከእጇ መብላት እፈልጋለሁ።»

ቃል በቃል ተረጎምሁ። እናቴ ሳቀች። «ይህን ለመናገር ነው ልጄ እንዲህ የተሳቀቀው? እሳት እኮ ከቤታችን አልጠፋም!» ብላ ተነሣች። ጥብሱ ሲደርስ በእንጀራ ጠቅልላ አጎረሰችው፤ ሁለተኛውንም ጨመረችለት። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባል የለ!

እኔ በገዛ እናቴ ቤት አፈርሁ። ያፈርሁት እርሱ የእኔን ያህል ባለመዋሸቱ ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም የጠፋብኝ ዕውቀት እዚያው አጠገቤ ስለነበረ ነው። በወሎ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንዱ የሌላውን ሥጋ አይበላም። ነገር ግን ይጠራራል፤ አብሮ ያዝናል፤ አብሮ ይደግሳል። የክርስቲያን ሰርግ ሲሆን ለሙስሊም እንግዶች የሚሆነውን ሙስሊም ጎረቤት መጥቶ ያርዳል፤ ሴቶቹም በየራሳቸው ድስት ይሠራሉ፤ በሙስሊሙ ድግስም እንዲሁ ነው። ዘፈኑ አንድ ነው፤ ምርቃቱ አንድ ነው። «አልበላም» ማለት ስድብ አይሆንም፤ ምክንያቱም በግልጽ የታወቀ ነው፤ ጋባዡም አስቀድሞ ተሰናድቶበታል። አባቶቻችንና እናቶቻችን እንግዳ ሕጉን ይዞ የሚቀመጥበትን ገበታ ሠርተው ነበር። እኔ ይህን ሁሉ እያየሁ አድጌ፣ ባሕር ተሻግሬ የመጀመሪያው ፈተና ላይ ረሳሁት።

በማግስቱ ወደ ደሴ ስንመለስ በመኪና ውስጥ ሁሉንም ነገርሁት። ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «አራት ዓመት ሙሉ የአለርጂ ኪኒን በቦርሳዬ ተሸክሜልህ ነበር» አለ። ይህን አላውቅም ነበር። ጊዜው ሲያልፍበት እየጣለ አዲስ ይገዛ ነበር፤ ሐኪም ቤት እስክንደርስ ትንፋሼ እንዳይቆም ፈርቶ። ይቅርታ ጠየቅሁት። ተቀየመኝ፤ መቀየሙንም አልደበቀም። ያልበላሁበት ምክንያት አላስቀየመውም፤ ያስቀየመው በከንቱ መፍራቱ ነው።

ጥቂት ቆይቶ ግን የራሱን ነገረኝ። እርሱ የሱዦው ሰው አይደለም፤ የሻንሺ ክፍለ ሀገር ገበሬ ልጅ ነው። ከጥንታዊቷ ሺአን ከተማ ወዲያ፣ ስንዴና በግ ያለበት ደረቅ አገር ነው። እዚያ እንግዳው ደረቅ ቂጣ ይሰጠውና በገዛ እጁ አድቅቆ ይቆርሰዋል፤ ከዚያ የበግ መረቅ ይፈስስበታል። ሲቀርብልኝ ፍትፍት ብዬዋለሁ፤ ሌላ ስም አልተገኘለትም። ሸርጣን በእነርሱ አገር እንግዳ ነገር ነው። በዐሥራ አንደኛው መቶ ዓመት የኖረው ሊቅ ሸን ኩዎ በማስታወሻው የዚያን አካባቢ ሰዎች ጠቅሷል። ሸርጣን ስለማያውቁ የደረቀ ሸርጣን ያገኘ ሰው ቤት ቢኖር ጎረቤቱ ሁሉ መልኩን ይፈራው ነበር፤ በንዳድ የታመመ ሲኖር ተውሰው በበራፍ ይሰቅሉታል፤ ሕመምተኛውም ብዙ ጊዜ ይድናል ይባላል። ለእኛ ክታብ የሚሆነው ለእነርሱ የደረቀ ሸርጣን ነበር ማለት ነው።

ወንድሜም ናንጂንግ በገባ በመጀመሪያው ዓመት ከመምህሩ ጋር ለሸርጣን ግብዣ ተቀመጠ። እንዴት እንደሚከፈት አያውቅም፤ ለመጠየቅም አፈረ። የማይበላውን የሸርጣኑን መተንፈሻ ጭምር አኝኮ ዋጠ። ሰው ሁሉ አይቶ ዝም አለ። ከዚያ በኋላ በድብቅ ከገበያ እየገዛ መክፈቱን ተለማመደ። እኔ ያን ቅዳሜ «በደሙ ያለ ጥበብ» ብዬ ያደነቅሁት የጣቶቹ ቅልጥፍና ከእኔ ሁለት ዓመት ብቻ ቀድሞ የተማረው ነበር። በአንድ ጠረጴዛ ሁለት አስመሳዮች ተቀምጠን ኖረናል።

ከዚህ ለምርምር የሚሆነን አንድ ቁም ነገር አለ። በአገራችን ከመንገዱና ከባቡሩ ሥራ ጋር ቻይናዎች ሲበዙ «ቻይና ሁሉን ይበላል» የሚል ወሬ አብሮ በዝቷል። ይህን ስትሰሙ «የትኛው ቻይና?» ብላችሁ ጠይቁ። የሱዦው ሰው በናፍቆት የሚጠብቀውን፣ የሻንሺ ገበሬ በር ላይ ሰቅሎ በሽታ ያባርርበት ነበር። «ኢትዮጵያውያን ሁሉ ጥሬ ሥጋ ይበላሉ» ቢሉን ስንቶቻችን እጃችንን አውጥተን እንቃወማለን? አገርን በአንድ ሰሃን መግለጽ የሰነፍ ተመራማሪ አቋራጭ ነው።

በዚያው አገር ውስጥም ገበታው ለሁሉ እኩል አይደለም። በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት በፃዎ ሹዌቺን የተጻፈው «የቀዩ እልፍኝ ሕልም» የተባለው ታላቅ ልቦለድ ውስጥ የታወቀ የሸርጣን ግብዣ አለ። ወጣቶቹ መኳንንት በልተው፣ ጠጥተው፣ ስለ ሸርጣን ግጥም ይገጥማሉ። ከገጠር የመጣችው አሮጊቷ ሊዩ ግን ዋጋውን በጣቷ ትቆጥራለች፤ ከሃያ ልያንግ ብር በላይ ሆኖ ታገኘዋለች፤ ይህም አንድ የገበሬ ቤተሰብ ለዓመት የሚኖርበት ገንዘብ እንደሆነ ትናገራለች። በሌላ በኩል በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት የኖረው ደራሲ ሊ ዩ ሸርጣን ሳይወጣ ገና ገንዘብ ያጠራቅም እንደነበር፣ ያንንም ነፍሱን የሚዋጅበት ገንዘብ ይለው እንደነበር ራሱ ጽፏል። ያን ቅዳሜ ሂሳቡ ሲመጣ የገበሬው ልጅ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ የእኔን ድርሻ ጨምሮ እንደከፈለ የሰማሁት በኋላ ነው። ኑድል ለበላ ሰው የሸርጣን ዋጋ ተከፈለ።

ስለ ስምና ስለ እውነት ከተነሣ አንዲት ነገር ልጨምር። የያንግቼንግ ሐይቅ ሸርጣን ስሙ ስለገነነ ዋጋው ውድ ነው። ስለዚህ አንዳንድ ነጋዴዎች ከሌላ ሥፍራ የረባ ሸርጣን አምጥተው ለጥቂት ቀናት በሐይቁ ውስጥ ያቆዩና የሐይቁ ነው ብለው ይሸጡታል። ሕዝቡ «የታጠበ ሸርጣን» ይለዋል። እኛ ውጭ አገር ተምረን የተመለስን ሰዎች ይህ ስም ሊያስቆጣን አይገባም፤ ሊያስጠነቅቀን እንጂ። በሌላ ሰው ሐይቅ ገላን ታጥቦ መመለስ አንድ ነገር ነው፤ እዚያ ማደግ ሌላ ነገር ነው። እኔ አራት ዓመት ኖሬ፣ መመረቂያ ጽሑፌን አስረክቤ፣ ከቅርብ ጓደኞቼ ጋር አንድ እውነተኛ ገበታ ሳልቀመጥ የተመለስሁ የታጠብሁ ሸርጣን ነበርሁ።

በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ለጉባኤ ወደ ናንጂንግ ተመለስሁ። ከስድስታችን አራቱ ተገኘን፤ ያንኑ ሐይቅ መረጥን። ከመቀመጣችን በፊት ተነሥቼ እውነቱን ነገርኋቸው። «ሰውነቴ ደኅና ነው። የማልበላው በሃይማኖቴ ሕግ ስለማይበላ ነው። ያን ጊዜ ይህን ለመናገር ፈራሁ። ይቅር በሉኝ» አልሁ።

የሱዦዋ እህታችን ትክ ብላ አየችኝ። «ታዲያ ያን ቀን ኩሽና ገብቼ ድስት ያሳጠብሁት በከንቱ ነው?» አለች። አዎን አልኋት። «እንግዲያው ዕዳ አለብህ» ብላ በጨርቅ የተጠቀለሉትን የአያቷን መሣሪያዎች ከፊቴ ዘረጋች። «አትበላም፤ ግን ትከፍትልናለህ።»

አንዳንድ ወገኖቼ መንካቱም አይገባም ይሉ ይሆናል፤ አከብራቸዋለሁ። እኔ መዶሻውን አነሣሁ። ታላቅ ወንድሜ አጠገቤ ተቀምጦ እያሳየኝ ሆዱን ሸፋኙን ገለጥሁ፤ ቅርፊቱን ለየሁ፤ የማይበላውን መተንፈሻ አወጣሁ። ጨጓራው ጋ ስደርስ አስቆሙኝ። ስለ ነጯ እባብ በሚነገረው ተረታቸው፣ ፋሃይ የተባለ መነኩሴ ባልና ሚስትን አለያየ፤ ሴቲቱንም በሃንግዦው ከሚገኘው ከሌይፈንግ ግንብ ሥር ቀበራት፤ በመጨረሻ የሰማይ ቁጣ ሲመጣበት ሸሽቶ በሸርጣን ሆድ ተደበቀ፤ እስከ ዛሬም እዚያ ተቀምጧል። ልጆች ሸርጣን ሲበላ መነኩሴውን ይፈልጉታል። የጨጓራውን ቀጭን ቆዳ ቀስ ብዬ ገለበጥሁት፤ በእርግጥም ተጎንብሶ የተቀመጠ ሰው የሚመስል ነገር ታየኝ። ከእንግዲህ ወጥቶ መታየቱ ግድ ነው። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ እስከ ማታ ድረስ ለሦስቱም ፈለፈልሁላቸው። እነርሱ ደግሞ ለእኔ ከመጣው ሰሃን መልካም መልካሙን እያነሡ በሳህኔ ላይ አኖሩልኝ። ያን ጊዜ ያጣሁት ይህ ነበር።

ውድ ተማሪዎች፣ ከመካከላችሁ ብዙዎቻችሁ ነገ ወደ ጓንግዦው፣ ወደ ዱባይ፣ ወደ በርሊን ትሄዳላችሁ። የእንግዳ ገበታ ይቀርብላችኋል። አንዳንዱን ትበላላችሁ፤ አንዳንዱን አትበሉም። ሁለቱም የራሳችሁ ምርጫ ነው፤ እኔ በዚህ ላይ ፈራጅ አይደለሁም። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ ምክንያታችሁን በትሕትና፣ ነገር ግን እንዳለ ተናገሩ። ማብራራት ቢያስፈራችሁም አብራሩ። ምናልባት ጋባዣችሁ ይቀየም ይሆናል፤ እኔ ካየሁት ግን አብዛኛው ሰው ኩሽና ውስጥ እሳት አያጣም። እናንተም ጋባዥ ስትሆኑ እንግዳችሁ «አልበላም» ሲል ምክንያቱን ለመናገር እንዳይፈራ አድርጋችሁ ተቀበሉት። ይህን ከመጽሐፍ መማር አያስፈልገንም፤ በወሎ ዳስ ሥር የነበረ፣ ዛሬም ያለ ነገር ነው።

የዚያ ወንድሜ ቦርሳ አሁን ኪኒን እንደሌለበት በስልክ አረጋግጦልኛል።